አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!

አዲስ አበባ ውስጥ የኮምፒዩተር በሽታው ብዙ፣ መድኃኒቱ ግን አንድ ነው፦ ፎርማት። ቢዘገይ ፎርማት፣ ቢሞቅ ፎርማት፣ ድምፁ ቢጠፋ ፎርማት። አንድ ጊዜ ላፕቶፔ ላይ ሻይ ተደፍቶባት ጥገና ቤት ይዣት ሄድኩ። ጠጋኙ ልጅ ገለበጣት፣ አራገፋት፣ አሸተታት፤ ከዚያ በሐዘኔታ አየት አደረገኝና "ጋሼ፣ ፎርማት ብናደርጋትስ?" አለኝ። ሻይ በፎርማት እንደሚደርቅ ያን ቀን ተማርኩ።

እንግዲህ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ መካሪዬ በዛ። ዊንዶውስ 11 ልጫን ብል፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ የእኔዋ ላፕቶፕ ደግሞ ከዚያ በፊት የተወለደች ናት። አንዱ "ሽጣት" አለኝ። ሌላው "ማን ይገዛታል?" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመካሪዬ። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለች ወዲያው ድርግም ትላለች። ይህችን የባትሪ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፣ ወደ ኋላ ትመጣለች።

በዚህ መሃል የእህቴ ልጅ ብቅ አለ። ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምሯል፤ ፈጣን ነው፤ ሲቀመጥ እንኳ አንድ እግሩ ይንቀጠቀጣል። "ጋሼ፣ ሊኑክስ እንጫንባት፤ ዴቢያን። እንደ አዲስ ነው የምትሆነው" አለኝ።

ለሊኑክስ ባዳ አልነበርኩም። ኡቡንቱ የሚባለው የዴቢያን ልጅ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ፣ ባለቤቱ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ያስልክ ነበር። ስምና የፖስታ ሳጥን ቁጥር መሙላት ብቻ ነው። ከሳምንታት በኋላ ፖስታ ቤት ሄደው ሳጥኑን ሲከፍቱ፣ ፊታቸው የሚስቅ ሰዎች ያሉበት ሲዲ ተቀምጦ ያገኙታል። ሰው ገንዘብ ሳይጠይቅ ዕቃ የላከልኝ ያኔ ነው። ያ መላኪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ። ከሲዲዎቼ አንዱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጓሮ የጎመኑ መደብ ላይ ተሰቅሎ ወፍ ያባርር ነበር፤ ሥራውንም በሚገባ ሠርቷል።

ልጁ ዴቢያን 13ን በፍላሽ ይዞ መጣ። ፍላሹ ውስጥ ያለው ግን ሙሉው ሲስተም አይደለም፤ ለመነሻ የሚሆነውን ብቻ ይይዝና የቀረውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ትንሹ ዓይነት ነው። "ትንሽ ስለሆነ ይሻላል" አለ። የእኔ ስልክ ሆትስፖት ተከፈተ። የወር የኢንተርኔት ጥቅሌን የገዛሁት በዋዜማው ነበር።

መጀመሪያ ቋንቋ ይጠይቃል። ከዝርዝሩ ውስጥ "አማርኛ" ብሎ፣ በራሱ ፊደል፣ ቁጭ ብሏል። ዓይኔን አላመንኩም። ባለቤቴን ከማድ ቤት ጠርቼ አሳየኋት። ፊደላችን በባለ ሥዕሉ የመጫኛ ገጽ ላይ ነው የሚገኘው፤ በጽሑፍ ብቻ በሚሠራው አሮጌ ዓይነት ገጽ ግን አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ምክንያቱን በኋላ በራሴ ላይ አየሁት። መረጥነው። ወዲያው ትርጉሙ ያልተሟላ ስለሆነ አንዳንዱ ገጽ በእንግሊዝኛ ሊመጣ እንደሚችል ነገረን። እውነቱን ነው። አንዱ ጥያቄ በአማርኛ፣ ቀጣዩ በእንግሊዝኛ፣ ሦስተኛው አርዕስቱ አማርኛ ሆኖ ሆዱ እንግሊዝኛ። ቢሆንም ጥሩ ሰው ጥሮበታል፤ እናመሰግናለን።

ከዚያ ያቺ ገጽ መጣች። ጠቅላላው ጣጣ ከእሷ የተነሣ ነውና ትንሽ እንቆይባት።

ዴቢያን 13 ውስጥ ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ፓኬጆች አሉ። ፓኬጅ ማለት አንድ ፕሮግራም፣ ወይም የአንድ ፕሮግራም ቁራጭ፣ ወይም ፊደል፣ ወይም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ነገር ነው። ሰው ተቀምጦ ከ70 ሺህ ውስጥ አንድ በአንድ ሊለቅም አይችልም። ስለዚህ መጫኛው በስብስብ ይጠይቃል፦ ኖም ይሁንልህ? ኬዲኢ ይሁንልህ? ኤክስኤፍሲኢ? ሲናመን? ማቴ? ኤልኤክስዲኢ? ኤልኤክስኪውት? እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ዴስክቶፕ ነው፤ የራሱ መስኮት፣ የራሱ ፋይል መክፈቻ፣ የራሱ ማስታወሻ መጻፊያ አለው። ከጎናቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ የፈለጉት ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

"የቱ ይሻላል?" አልኩት።

"የምርጫ ጉዳይ ነው ጋሼ። ሁሉንም እንጫንና እርስዎ ራስዎ ሞክረው ይመርጣሉ።"

ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገና ሁሉም ላይ ምልክት አደረገባቸው።

የእነዚህ ስብስቦች ነገር የሠርግ ጥሪ ነው። ሜታፓኬጅ ይባላሉ፤ ውስጣቸው ባዶ ነው፣ ፕሮግራም የሚባል ነገር የላቸውም። የያዙት የስም ዝርዝር ብቻ ነው። አንዱን ስትጠራው ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይመጣሉ፤ የእነሱም ዝርዝር ያላቸው፣ ከነባለቤታቸው ከነልጆቻቸው ይከተላሉ። ማዕረግ ግን አላቸው። አንዳንዶቹ ካልመጡ ሠርጉ ራሱ አይደረግም፤ ፓኬጁ ያለ እነሱ አይነሣም። ሌሎቹ ቢቀሩ ሠርጉ ይደረጋል፣ ግን ያስቀይማል፤ ዴቢያን እነዚህንም "አታምጣቸው" ብለህ ለይተህ ካልነገርከው በቀር ያመጣቸዋል። ሦስተኛዎቹ ስማቸው ብቻ ይነሣል፤ ቢመጡም ባይመጡም ማንም አይጠይቅም። እና የእህቴ ልጅ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ድንኳን፣ በእኔ ስልክ ወጪ፣ ከሰባት ያላነሰ ሠርግ ጠራ።

ስልኬ ጋለ። ማታውን ወረደ፣ ሌሊቱን ወረደ። የኢንተርኔት ጥቅሌ ዶሮ ሳይጮኽ አለቀ፤ ሌላ ተገዛ። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ብቅ አለ፤ የመግቢያ ገጽ የሚሆኑ ሦስት ፕሮግራሞች አብረው ስለመጡ ከመካከላቸው የቱ በር ላይ ይቁም የሚል ነበር። ኖም የራሱን ጂዲኤም ይዞ መጥቷል፣ ኬዲኢ ኤስዲዲኤምን፣ ከቀሩት ብዙዎቹ ላይትዲኤምን። ልጁ ኤስዲዲኤምን መረጠ፤ "መልኩ ያምራል" ብሎ። ይህችንም ያዙልኝ።

ጠዋት ላፕቶፔ ተከፈተች። እውነትም ፈጥናለች። ግን ሜኑውን ስከፍት ያየሁትን ለማመን ከበደኝ። ሒሳብ ማሽን ብቻ አምስት ይሁን ስድስት አለ። ፋይል መክፈቻው ደርዘን ሊሆን ምንም አልቀረው። ፎቶ ስነካ በአንዱ ይከፈታል፣ ሌላ ቀን በሌላው። ባለቤቴ የዕቁብ ጸሐፊ ናት፤ ሒሳቧን በአንዱ ከሠራች በኋላ በሁለተኛው፣ ከዚያም በሦስተኛው አረጋገጠች። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ሰጧት። "እንግዲያው ምን ይሠራሉ ይህ ሁሉ?" አለች። መልስ አልነበረኝም።

ችግሩ መብዛታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ዴቢያን ግን የደኅንነት ማሻሻያ በየጊዜው ያወጣል፣ ማውጣቱም ደግ ነው፤ ማሻሻያው ላፕቶፑ ላይ ላለው ፓኬጅ ሁሉ ነው። ከፍቼ ለማላየው የኬዲኢ ካርታ ማሻሻያ፣ ነክቼው ለማላውቀው የማቴ ሰነድ ማንበቢያ ማሻሻያ። ሁሉም ከእኔ ስልክ ይወርዳል። ስለዚህ ልጁን ጠራሁት፦ "ኤክስኤፍሲኢ ይቅርልኝና የቀሩትን አሰናብትልኝ።" እሱ ከቀላሎቹ አንዱ ነው፤ ለአሮጌ ዕቃ ይስማማል።

"አምስት ደቂቃ አይፈጅም" አለ።

እሑድ ከቡና በኋላ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያደረገው አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ነው፤ የኬዲኢን ሜታፓኬጅ አውጣልኝ አለው። አፕት (የዴቢያን ፓኬጅ አስተዳዳሪ ነው) እሺ ብሎ አወጣው። የተለቀቀው ቦታ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ። ልጁ እንደገና አየው። የወጣው የጥሪ ወረቀቱ ነው፤ እንግዶቹ በሙሉ ተቀምጠዋል።

ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱም ደስ ስለሚል ልንገራችሁ። አፕት የእያንዳንዱን ፓኬጅ አመጣጥ በመዝገብ ይይዛል፦ ይህን ባለቤቱ ራሱ ጠይቆታል፣ ይህ ግን ሌላውን ተከትሎ የመጣ ነው ብሎ። ተከትሎ የመጣ ሰው፣ ያመጣው ከወጣና ሌላ የሚፈልገው ከሌለ፣ "ከእንግዲህ የማያስፈልጉ" በሚል ይጠረጋል። በሜታፓኬጅ በቀጥታ የመጡትን ግን አፕት ባለቤቱ በስማቸው እንደጠራቸው ይቆጥራቸዋል። ደግ አስቦ ነው፤ አንድ ሰው ሜታፓኬጁን በሆነ ምክንያት ቢያወጣው ዴስክቶፑ ሁሉ ተከትሎ እንዳይጠፋ። ስለዚህ ለማስገባት አንድ ምልክት በቃ፤ ለማስወጣት ግን አንድ በአንድ ስም መጥራት ነው።

ስም መጥራት ለፈጣን ልጅ አይሆንም። "በኮከብ እናደርገዋለን" አለ። ኮከብ ማለት የኮምፒዩተሮች ጅምላ ነው፤ ስሙ በእንዲህ ያለ ቃል የሚጀምረውን ሁሉ እንደ ማለት። የኬዲኢንና የቤተሰቡን ስም መነሻ ጻፈ፣ ኮከቡን ለጠፈ፣ ኢንተሩን መታ።

አዲሱ አፕት ጥሩ ጠባይ አምጥቷል፤ የሚገቡትን ፓኬጆች በአረንጓዴ፣ የሚወጡትን በቀይ ይጽፋል። ገጹ በቀይ ሞላ። ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ባለቤቴ የቡናውን ስኒ እየሰበሰበች ከትከሻችን በላይ ቆማ አየችው።

"ቀዩ ምንድን ነው?"

"ምንም አይደል እትዬ፣ የሚሄዱት ናቸው።"

"ብዙ አይደሉም?"

ከሥር "ልቀጥል ወይ?" የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ አለ። ዝም ብሎ ኢንተር ለነካ መልሱ "አዎ" ነው። ልጁ ኢንተር ነካ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሲፈታ ደግሞ ማን እንደሚቆም አይታወቅም።

በዚህ አሰላለፍ ልጁ ብቻውን አይደለም። ታዋቂው ካናዳዊ የዩቲዩብ ሰው ሊነስ ሰባስቲያን (ከሊኑክስ ፈጣሪ ከሊነስ ቶርቫልድስ ጋር የሚጋራው ስም ብቻ ነው) እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንድ ወር በሊኑክስ ልኑር ብሎ ተነሣ። ፖፕ ኦኤስ የሚባለውን የኡቡንቱ ዘር ጭኖ፣ ስቲም የተባለውን የጨዋታ ፕሮግራም ለማስገባት አፕትን አዘዘ። በዚያ ቀን የስቲም ፓኬጅ ላይ ችግር ነበር፤ አፕትም ስቲም እንዲገባ ዴስክቶፑ መውጣት አለበት የሚል ሒሳብ ላይ ደረሰ። ዝም ብሎም አላደረገውም። አደገኛ ነገር ልታደርግ ነው፣ መቀጠል ከፈለግክ "አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፍ አለው። ሰውዬው ጻፈ። አፕትም ያለውን አደረገለት፤ ዴስክቶፑ ሄደ፣ ጥቁር ገጽ ቀረ። ሚሊዮኖች አዩት። ገሚሱ በሰውዬው ሳቀ፣ ገሚሱ በሊኑክስ። የአፕት ሠሪዎች ግን አልሳቁም፤ ያን ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ብቻ ማለፍ እንዳይቻል አደረጉት። እኔ በበኩሌ ከሰውዬው ጋር ነኝ። በየቀኑ መቶ ቦታ "እስማማለሁ" የሚል ነገር እየነካን የምንኖር ሰዎች፣ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ በምን ዓይናችን እናየዋለን?

ይሁንና የእኛ ቤት ነገር ከዚያም ይለያል። አፕት ያን ያህል የሚጮኸው ግድ አስፈላጊ ተብለው የተመዘገቡት ፓኬጆች ሊወጡ ሲሉ ነው፤ ያለ እነሱ ሲስተሙ የማይቆመው። በዴቢያን ዴስክቶፕ ከእነዚያ ውስጥ አይደለም፤ የመግቢያው በርም አይደለም። ለዴቢያን ኮምፒዩተር ማለት ጥቁር ገጽና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ስለዚህ ከቀዩ መሃል ኤስዲዲኤም፣ ያ መልከ መልካሙ በረኛ፣ ከኬዲኢ ቤተሰቦች ጋር ሲወጣ ማንም አልጮኸም።

ማራገፉ ተጀመረ። ስሞች ያልፋሉ። ልጁ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሲሶው ያህል እንደሄደ መብራት ጠፋ።

ባትሪዋን ይዛችሁልኛል አይደል?

መብራቱ የመጣው ልጁ ከሄደ በኋላ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበር። "ሲመጣ ይከፍቷታል፣ የቀረውን ራሷ ትጨርሰዋለች" ብሎኝ ነበር የሄደው። ከፈትኳት። ጥቁር ገጽ። ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ "ግባ" የሚል ቃልና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ። ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ አስገባችኝ። ቀኑ ስንት እንደሆነ ልጠይቃት ብዬ የማውቃትን አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፤ በአማርኛ ስለተጫነች የቀንና የወሩን ስም በአማርኛ መለሰች፤ ያም ማለት አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። ያ ጥቁር ገጽ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው። በዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የተሰጠው ስፍራ ብቻ 384 ቦታ አለው። ለእኛ ቦታ ከተለቀቀ ለሌላው ሊቀር ነው፤ ስለዚህ ሳጥን ይሰጡናል።

ደወልኩለት። አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ንግግር ባለቤቴ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ትተርካለች።

"ሱዶ ይበሉ ጋሼ።"

"ሱዶ።"

"ስፔስ።"

"ስፔስ ብዬ ልጻፍ?"

"አይ፣ ረጅሟን ቁልፍ ይንኳት። ከዚያ ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ። ስፔስ። ዳሽ ዳሽ ኮንፊገር።"

"ዳሽ የትኛዋ ናት? የላይኛዋ የታችኛዋ?"

"የመሃሏ። ሁለት ጊዜ። ሳይለያዩ።" አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። "ከዚያ ስፔስ፣ አንድ ዳሽ፣ ኤ። ትንሿ ኤ።"

ዲፒኬጂ ማለት ከአፕት ሥር ያለው ጉልበት ሠራተኛ ነው። አፕት ያስባል፣ ያወርዳል፣ ያሰላል፤ ፓኬጁን ተሸክሞ የሚያስገባውና የሚያወጣው ዲፒኬጂ ነው። እያንዳንዱ ፓኬጅ የደረሰበትን ይጽፋል፦ የተጫነ፣ የተፈታ፣ ግማሽ የተጫነ፣ ግማሽ የተስተካከለ። መብራት ሲጠፋ መሃል ላይ የነበረው "ግማሽ" ተብሎ ይቀራል፤ ይህ እስኪጠራ ድረስ አፕት ሌላ ሥራ አልሠራም ይላል። ልክ ነው፤ ጀምሮ ያልጨረሰውን ቤት ውስጥ ትቶ ሌላ የሚጀምር በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። ኢንተር ነካሁ፤ ስሞች ማለፍ ጀመሩ። ቀጥሎ የተሰበረውን ጠግን የሚለውን የአፕት ትእዛዝ በዚያው መንገድ፣ ዳሽ በዳሽ፣ ተቀበልኩ። እሱ ደግሞ የሚያወርደው ነገር ነበረው፤ ስልኬን በገመድ አገናኘሁና ቁጭ ብዬ መጠበቅ ያዝኩ።

በመጠበቅ ውስጥ ሰው ያስባል። ይህን ሁሉ ማን ነው የሚያዘጋጀው? ዴቢያንን የጀመረው ኢያን መርዶክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ገና የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ። ስሙን ከፍቅረኛው ከዴብራና ከራሱ ስም ገጣጠመው። ፍቅሩ ትዳር ሆኖ በኋላ ፈረሰ፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ዐረፈ፤ ስሙ ግን አለ። የዴቢያን እትሞች ስም ደግሞ "ቶይ ስቶሪ" ከሚባለው የካርቱን ፊልም አሻንጉሊቶች ነው የሚወጣው፤ ከመርዶክ ቀጥሎ የመራው ብሩስ ፔረንስ ፊልሙን በሠራው ፒክሳር ስለነበር። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው 13ኛው እትም ትሪክሲ ይባላል፤ አሻንጉሊት ዳይኖሰር ናት። ዘወትር የሚፈተነው፣ ያልበሰለው ክፍል ግን ሁልጊዜ ሲድ ነው የሚባለው፤ ሲድ በፊልሙ ውስጥ አሻንጉሊት የሚሰባብረው የጎረቤት ልጅ ነው። የእህቴን ልጅ ሳላስብ አልቀረሁም።

እነዚህን 70 ሺህ ፓኬጆች የሚይዙት አብዛኞቹ ማንም የማይከፍላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህ የሚያኮራም የሚያስፈራም ነው። ያን ሰዓት በስልኬ እየወረዱ የነበሩት ፓኬጆች በኤክስዜድ የታሸጉ ናቸው፤ ዴቢያን ፓኬጆቹን የሚያምቀው በእሱ ነው። ኤክስዜድን ለዓመታት ሲጠብቅ የኖረው ላሴ ኮሊን የተባለ አንድ ሰው ነው። ጂያ ታን ነኝ የሚል አንድ ረዳት መጣለት፤ ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና አገለገለ፣ ታመነ፣ ቁልፉ ተሰጠው። ከዚያ ውስጥ ለውስጥ የሌባ በር ቀበረበት። ማርች 2024 ላይ አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ፣ ሲድ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሥራውን ሲሠራ፣ ከርቀት መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት ልብ አለ። ግማሽ ሰከንድ! ሌላው ሰው ሻዩን ይጠጣል። እሱ ግን መንስኤውን አሳድዶ የሌባውን በር አገኘው፤ ብዙው ዓለም ጋ ሳይደርስ ተነቀለ። ጂያ ታን በእውነት ማን እንደነበረ እስካሁን በይፋ አልታወቀም።

ይህን እያሰብኩ አፕት ጨረሰ። ላፕቶፗን አጥፍቼ አስነሣኋት። አሁንም ጥቁር። ደወልኩ።

"በረኛው ስለወጣ ነው" አለ። ላይትዲኤም እዚያው አለ፣ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን በር ላይ የሚቆመው ኤስዲዲኤም ነው የሚል ጽሑፍ በአንዲት ፋይል ውስጥ ቀርቷል። መብራቱ የጠፋው ሰውዬው ወጥቶ ጽሑፉ ሳይታረም ነው። ላይትዲኤም ሊነሣ ይልና ፋይሉን ያያል፤ ስሜ አይደለም ይላል፤ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሠራተኛ ለማግኘት ሌላ ቦታ ብዙ ይከፈላል።

ሌላ ትእዛዝ ከመቀበሌ በፊት ልጁ ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ "አፕት ይበሉ፣ ስፔስ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኦ" አለኝ። ጻፍኩ። ጥቁሩ ገጽ ላይ ከሰረዝና ከቅንፍ የተሠራች ላም ብቅ አለች፤ ዛሬስ እምቧ ብለሃል ወይ ብላ ትጠይቃለች። የአፕት ሠሪዎች የቆየ ቀልድ ነው። ባለቤቴ ስኒውን አስቀምጣ ሳቀች። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች፣ ወደ ላፕቶፗ እየጠቆመች። ኮምፒዩተር ተበላሽቶብኝ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ላይትዲኤምን እንደገና አስተካክል የሚለው ትእዛዝ ተሰጠኝ፤ በረኛ ምረጥ የሚለው ጥያቄ መጣ፣ ላይትዲኤምን መረጥኩ፣ አስነሣኋት፣ ተከፈተች። ኤክስኤፍሲኢ ወንበሩ ላይ አለ። የቀሩትን ስብስቦች ልጁ ከጉዞው ሲመለስ አሰናበታቸው፤ ያለ ኮከብ፣ በስም በስማቸው፣ መብራት ባለበት፣ ቀዩን ባለቤቴ እያነበበችለት። እዚህም አንድ ነገር ይታወቅ፦ "አውጣ" ሲባል አፕት ፕሮግራሙን አውጥቶ ቅንብሩን ያስቀራል፤ ምናልባት ይመለስ ይሆናል ብሎ ነው። ጭራሽ ይጥፋ ከተፈለገ "ፐርጅ" የሚል ሌላ ትእዛዝ አለ። የእኛዋ ላይ ለወራት የሄዱ ፕሮግራሞች ቅንብር ተቀምጦ ነበር።

አሁን ይህን የምጽፈው በእሷ ነው። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደል ራሱን የቻለ ፓኬጅ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ማንንም ጎትቶ አያመጣም። በድምፅ የሚጻፈው የአማርኛ መክተቢያም አለ፤ ሴራ የሚባለውን የቆየ አጻጻፍ ይከተላል። ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ። ሒሳብ ማሽን አንድ ብቻ ቀርቷል፤ የዕቁቡም ሒሳብ አልተዛባም።

ዴቢያን የምትጭኑ ካላችሁ፣ ያቺ ባለ ሳጥኗ ገጽ ስትመጣ አንድ ዴስክቶፕ ብቻ ምረጡ። ባትሪያችሁ የሞተ ከሆነ ፓኬጅ በጅምላ አታውጡ። አንድ ሌላ ልመናም አለኝ፣ እሱ ኮምፒዩተር ለማያውቁም ጭምር ነው። ባለቤቴ ያን ቀን ቀዩ ምን እንደሆነ የጠየቀችው ማንበብ ስለማትችል አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስለነበር ነው። "እነዚህ ሁሉ ይወገዳሉ፤ ልቀጥል?" ቢላት ኖሮ ልጁ ኢንተሩን አይነካም ነበር። የመጫኛው ገጾች ግማሽ አማርኛ የሆኑት አንድ ሰው እስከቻለው ስለተረጎመ ነው። የቀረውን ለመተርጎም ፕሮግራም መጻፍ አያስፈልግም፤ አማርኛ በደንብ ማወቅና ማታ ማታ ትንሽ ጊዜ ይበቃል። መምህራን፣ ጡረተኞች፣ አርታዒያን፦ ከቻላችሁ እጃችሁን አስገቡ።